የፒክአፕ ጭስ መቆጣጠሪያ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ለአርሶ አደሮች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮችና ለመኪና ባለንብረቶች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

ባለፈው የመስኖ ወቅት በጣና ዳር ባሉ ቀበሌዎች ስለ ሽንኩርት በሽታ ለማስተማር ስንዞር፣ ከሽንኩርቱ ይልቅ ደጋግመን የተጠየቅነው ስለ መኪና ነበር። አምስት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ ፒክአፕ የገዙ አርሶ አደሮች ነበሩ። መካኒኩ “ይህን ዕቃ አስነሡት፤ ሞተሩን የሚገድለው እሱ ነው” ብሏቸዋል። ሁለቱ ተስማምተዋል፣ ሁለቱ ፈርተዋል፣ አንደኛው ዝም ብሏል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት “ልጄ፣ የተማርኸው አንተ ነህ፤ እናስነሣው ወይስ እንተወው?” አሉኝ። በዕለቱ በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው።

ጥያቄው ከምን እንደሚመጣ ይገባናል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችሁ ያለው የናፍጣ መኪና ቢሞት በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ባለንብረቱ “ዕድሜ ይጨምራል” የተባለውን ሁሉ ለመሞከር ቢቸኩል አይፈረድበትም።

መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ አታስነሡት፣ አስጸዱት። ምክንያቱን ሳታውቁ ግን መልሱ ብቻውን አይጠቅማችሁም፤ ቀጣዩ መካኒክ ሌላ ነገር ሲነግራችሁ ትለውጡታላችሁና።

መጀመሪያ መኪናችሁ ምን እንዳለው እወቁ

በአካባቢያችን ከሚሠሩት ፒክአፖች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው። 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ያላቸው ሂሉክሶች ቱርቦ የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚነሣ የጭስ መቆጣጠሪያ የላቸውም። እንዲህ ያለ መኪና ይዞ ጋራዥ ገብቶ “የጭስ መቆጣጠሪያ አስነሥቼ” ገንዘብ የከፈለ ሰው አጋጥሞኛል። ምን እንደተነሣለት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ዲፎርዲ የምንላቸው ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ሞተሮች ኢ.ጂ.አር የሚባል ዕቃ አላቸው። በእነሱ ዘመን የተሠሩ የሌሎች ፋብሪካ ፒክአፖችም እንደዚሁ ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በመጡት ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ሂሉክሶች ላይ ደግሞ፣ መኪናው እንደተሠራለት አገር፣ ዲ.ፒ.ኤፍ የሚባል የጥላሸት ማጣሪያ ሊኖር ይችላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የፋብሪካውን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። መጽሐፉ ከጠፋ መካኒኩ “አለው” ሲላችሁ በቃሉ አትመኑት፤ እጁን አስቀምጦ ያሳያችሁ።

ኢ.ጂ.አር ምን ይሠራል?

ናፍጣ ሲቃጠል በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት በጣም ከፍ ካለ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይሆናል። ኢ.ጂ.አር ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን ወደ አየር ማስገቢያው መልሶ ይልካል። የተመለሰው ጭስ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ስለሆነ ብዙም አያነድድም፤ ምጣድ ሥር እሳት ሲበዛ አመድ መለስ እንደማድረግ ነው። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ጋዙም ይቀንሳል።

ጉዳቱም አለው፤ መካኒኩ የሚያነሣው ነጥብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የተመለሰው ጭስ ጥላሸት ይዟል። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣው የዘይት እንፋሎት ከዚህ ጥላሸት ጋር ሲገናኝ የአየር ማስገቢያው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። ዓመታት ሲያልፉ መንገዱ ይጠብባል፣ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ዘይቱም ቶሎ ይጠቁራል። እንዲህ የተዘጋ ሞተር ያየ መካኒክ “ይህ ነገር ባይኖር ኖሮ” ቢል እውነት አለው።

ነገር ግን የተጋገረ ነገር ይጸዳል። ቫልቩን ማውጣት፣ በብሩሽና በካርቦን ማጽጃ ማጽዳት፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ፈሳሽ ውስጥ አለመንከር፣ ሲመለስ አዲስ ጋስኬት ማድረግ ነው። የአየር ማስገቢያው ሲጸዳ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ ተፈትቶ ወርዶ መጽዳት አለበት። እኔ የምመክረው በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከፍቶ ማየት ነው። የኢ.ጂ.አር ማቀዝቀዣ ያለው ሞተር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ተጠንቀቁ፤ ማቀዝቀዣው ውስጡ ከተሰነጠቀ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል። የትም ሳይንጠባጠብ ውኃ የሚጎድልባችሁ ከሆነና ነጭ ጭስ ካለ አትጠብቁ።

ሲዘጋ የሚሆነው

ኢ.ጂ.አርን “ማስነሣት” ብዙ ጊዜ ማለት መንገዱን በቆርቆሮ መዝጋት ነው። ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ለጥቂት ቀንም መኪናው የቀለለው ይመስላል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ግን የላከው ጭስ እንዳልደረሰ ያውቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል፤ አንዳንዱ መኪና ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል።

ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የነበረ ፒክአፕ ላይ ይህ ተደርጓል። መብራቱ በራ። ሾፌሩም እኛም “የታወቀ ነው፣ የኢ.ጂ.አሩ ነው” እያልን ተሳፈርን። በሁለተኛው በጋ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦ የሚሄደው ጎማ ተቀደደ። መኪናው ለዚህም መብራት ከማብራት በቀር ሌላ መናገሪያ አልነበረውም፤ መብራቱ ግን ቀድሞ በርቶ ስለነበር ማንም አላስተዋለም። በጠጠር መንገድ ላይ ያ ሞተር ለወራት አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ቱርቦው ሄደ፣ ፋሻዎቹ ተበሉ፣ መኪናው ቆመ። የዚያን ዓመት የዘር ወቅት ቀበሌዎቹን የጎበኘነው በእግርና በተገኘ ባጃጅ ነበር። ሞተሩን የገደለው ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮው ያደረገው ጠባቂውን ውሻ ማሰር ነው።

ይህ ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይጠቅማችኋል። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሞተር መብራቱ መብራት አለበት፤ ሲነሣ ይጠፋል። ከመነሻው ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው መብራቱን አውልቆታል ወይም ሸፍኖታል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ሻጩ ሌላም የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ዲ.ፒ.ኤፍ ያለው መኪና

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ እኔም ሙሉ በሙሉ በአንድ ወገን አልቆምም። ዲ.ፒ.ኤፍ ጥላሸቱን በቀዳዳማ ሴራሚክ ውስጥ ይይዝና ሲሞላ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ለዚህ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ድኝ ያነሰበት ናፍጣና ረዘም ያለ ጉዞ። ከቀበሌ ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ለመሞቅ ጊዜ አያገኝም። ድኝ የበዛበት ናፍጣም ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍናል።

ታዲያ ማስነሣት ነው? ማጣሪያው ተቦርቡሮ ባዶ ቆርቆሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አይታለልም። ማጣሪያውን ለማሞቅ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ማጣሪያው ከሄደም በኋላ ይህን መርጨት አያቆምም። ከዚያ ናፍጣ ጥቂቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይት ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ደረጃው ከፍ ብሎ፣ ዘይቱ ቀጥኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ታገኙታላችሁ። ቀጭን ዘይት ብሮንዚናዎቹን አይጠብቅም። ለዕድሜ የተደረገው ሥራ ዕድሜ ቆረጠ ማለት ነው። “ኮምፒውተሩንም እንቀይረዋለን” የሚል ባለሙያ አለ። ነገር ግን የኮምፒውተሩን ፕሮግራም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ስንት ናፍጣ እንዲረጭ እንዳዘዘው እናንተም ሌላው መካኒክም አታውቁም።

የምመክረው እንዲህ ነው። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ለገጠር ሥራ ዲ.ፒ.ኤፍ የሌለው ሞዴል ምረጡ። ከገዛችሁ በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጭነት ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ይሂድ፤ ሽንኩርት ወይም ሩዝ የምታደርሱበትን ቀን ለዚሁ ተጠቀሙበት። የማጣሪያ መብራት በርቶ እያለ ሞተሩን አታጥፉ፤ ማጽዳቱን ይጨርስ። ዘይቱ መመሪያው ላይ የተጻፈው አነስተኛ አመድ ያለው ዓይነት ይሁን፤ ተራ ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ደግሞ በሙቀት አይጸዳም። ማጣሪያው በእርግጥ ከደፈነ አስወርዶ ማሳጠብ ከመቦርቦር ይሻላል።

በእኛ አገር ሞተር የሚገድለው ምንድን ነው?

በጣና ዙሪያ ያሉ መኪናዎች ቀድመው የሚሞቱት ከጭስ መቆጣጠሪያ ሳይሆን ከሌላ ነገር ነው። ከሁሉም ፊት አቧራ ይመጣል። የጠጠር መንገድ አቧራ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለው፤ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆናል። ጥቂት እፍኝ በማጣሪያው ሾልኮ ከገባ ሲሊንደርና ፋሻ ይበላል። የአየር ማጣሪያውን መሬት ላይ እየመታችሁ አታራግፉ፣ በቤንዚን አትጠቡት፣ በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ አትንፉት፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ለማረጋገጥ ማታ የእጅ ባትሪ ውስጡ አስገቡና አሽከርክሩት። በአንድ ነጥብ የሚወጋ ብርሃን ካያችሁ ጣሉት። ጎማዎቹንና ማሰሪያዎቹንም በእጃችሁ ዳስሱ። እኛን የጎዳን ቀዳዳ ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ከበርሜልና ከጀሪካን እንገዛለን፤ ውኃና ዝቃጭም አብሮ ይመጣል። ውኃ የናፍጣ ፖምፓንና ኢንጄክተርን ያዝጋል። ለመስኖም ለመኪናም ናፍጣ የምታከማቹ ከሆነ በርሜሉን ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሳይነካ ይደር፣ ከታች የሚቀረውን አትጠቀሙ። ዚንክ የተቀባ ዕቃ አይሁን፤ ናፍጣ ዚንክ ያሟሟና ኢንጄክተር ይደፍናል። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብሎን በየሳምንቱ አላልታችሁ በጠርሙስ ቅዱና እዩ፤ ውኃው ከታች ይተኛል። ክረምት ላይ ታንከሩን ማታ ሙሉ፤ ባዶ ታንከር ሌሊት ጤዛ ይይዛል።

ሦስተኛው ዘይት ነው። የናፍጣ ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፤ ያን አሲድ የሚያረክሰው ዘይቱ ውስጥ ያለ ቅመም ነው፣ ቅመሙም ያልቃል። በመመሪያው ላይ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢልም እኛ አገር በ5 ሺህ ቀይሩ። ባለ 3.0 ሊትር ዲፎርዲ ያላችሁ ደግሞ አንድ በብዙ አገር የታወቀ ችግር አለባችሁ፤ ከኢንጄክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲደክሙ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጋገራል፣ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ ዘይት እያለው በዘይት እጦት ይሞታል። ለኢ.ጂ.አር ማስነሻ የተዘጋጀውን ገንዘብ ለእነዚህ ቀለበቶች ብታውሉት ዕድሜ የሚጨምረው ያ ነው።

የተቀየረውን ዘይት አደራ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦይ አታፍስሱ። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ጣና የእኛው የመጠጥና የመስኖ ውኃ ነው።

ሌሎች “ማስነሣቶች”

ኢ.ጂ.አር የዚህ ልማድ አንዱ ብቻ ነው። ቴርሞስታት ማስነሣትም አለ፤ “ሞተሩ እንዳይግል” ተብሎ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን ለመሞቅ ይዘገያል። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም፣ ያልተቃጠለው ከሲሊንደሩ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ጥላሸትም ይበዛል፤ ኢ.ጂ.አሩ የሚደፍነውም አንዱ በዚህ ነው። የሚግል ሞተር ካላችሁ ራዲያተሩ፣ ቺንጊያው ወይም የውኃ ፓምፑ ይፈተሽ።

ከሁሉ የሚብሰው ፖምፓ ከፍቶ ናፍጣ ማስጨመር ነው። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ይብሱን ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። አየር በሌለበት ናፍጣ ቢጨመር ጉልበቱ በጥቂቱ ያድጋል፣ ጥቁር ጭሱና የሚወጣው ሙቀት ግን በብዙ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ፒስተን የሚቀልጠው በዚህ ዓይነት ማስተካከያ ነው። ቱርቦ ያለውም ቢሆን ዳገት ጨርሶ ሲቆም ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶው ይሥራ።

የውኃ መሳቢያ ሞተሮቻችሁን ማርሚታ ቆርጣችሁ የጣላችሁም አላችሁ። የሚተርፋችሁ ጩኸትና ፊት ለፊት የሚመጣ ጭስ ነው።

ጭሱ የሚሄድበት

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አለ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። ደቃቁ ጥላሸት ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። በፒክአፕ ኋላ ጆንያ ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ሽንኩርት የሚለቅሙት ሴቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ናቸው። ጭስ ማውጫው ከእግራቸው ሥር ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ የሩዝ ወፍጮ ሞተር ያላችሁ ጭስ ማውጫውን በቧንቧ ከጣሪያ በላይ አስወጡት፤ ይህን ነገ ማድረግ ይቻላል። ሕጉም አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የወጣውን የአካባቢ ደረጃ ጥሶ እንዳይበክል ይከለክላል። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡም ዕቃው የጎደለ መኪና ይዞ መቅረብ ጭንቀቱ የእናንተ ነው።

የጭሱን ቀለም ማንበብ ልመዱ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ መጀመሪያ ማጣሪያውን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለ ግን ውኃ እየገባ ወይም ኢንጄክተር ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

የቡድን ሥራ

በአምስት በአምስት ሆናችሁ ከሥልጠናው ቦታ ውጭ ወደ ቆመው ፒክአፕ ሂዱ። ቁልፉን አዙራችሁ የሞተር መብራቱን ተመልከቱ። የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ በእጅ ባትሪ ፈትሹ፣ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር በጠርሙስ ቅዱ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የጭሱን ቀለም መዝግቡ። መኪናው የጋራ የሆነባችሁ ቡድኖች ደግሞ ይህን ተወያዩበት፦ ማጽጃው፣ ዘይቱና ማጣሪያው በማን ኪስ ይገዛል? መቼ እንደተቀየረ የሚጽፈውስ ማን ነው? ያገኛችሁትን ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሌሎቹ ቡድኖች ይዩት።